እንዴት አደርሽ? እንቅልፍ ያጣንባቸው ሌሊቶች ታሪክ

  ዛሬም የማወራችሁ ከቤር ሼቫ ነው፤ አያቶቻችን በኦሪት ስሟ ቤርሳቤህ ከሚሏት ከተማ።

የዛሬው ወሬያችን ስለ እንቅልፍ ነው። በትክክል ለመናገር ስለ እንቅልፍ ማጣት። «ይሄ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ታሪክ ማለት ንጉሥ ነው፣ ጦርነት ነው፣ ዘመቻ ነው። አልጋ ላይ መገላበጥ ምን ታሪክ ይሆናል? ግን ባለፈው የፈተና ሰሞን አንድ ነገር ገጠመኝና ሐሳቤን ቀየርኩ።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ። ጠዋት ስትነሱ አያታችሁ ምን ትላችኋለች? «እንዴት አደርሽ?»፣ «እንዴት አደርክ?» ነው አይደል? በዕብራይስጥ «ቦከር ቶቭ» እንላለን፤ ጠዋቱ መልካም ይሁን፣ ወሬው ስለሚመጣው ቀን ነው። አማርኛው ግን ወደ ኋላ ዞሮ ሌሊቱን ይጠይቃል። ደግሞ ልብ በሉ፣ «እንዴት ተኛሽ?» አይልም። «እንዴት አደርሽ?» ነው የሚለው። ማደር ከመተኛት ይሰፋል። ዘበኛም ያድራል፣ አስታማሚም ያድራል፣ መንገደኛም ያድራል። ሰው ተኝቶም ያድራል፣ ቁጭ ብሎም ያድራል። ጥያቄው «ሌሊቱ እንዴት አለፈልሽ?» ነው።

እኔ ለዓመታት «ደህና» እያልኩ ስመልስ ኖርኩ። ውሸቴን ነበር።

ወጥ ቤት፣ ከሌሊቱ 3 ሰዓት

ዩኒቨርሲቲ የምማረው ታሪክና ሥነ ልቦና ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ። የምኖረው ሽኹና ዳሌት ከአያቴ ጋር ነው። የቤት ኪራይ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ፈተና ሲቃረብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። አልጋ ውስጥ እገባለሁ፣ መብራቱን አጠፋለሁ፣ በቃ፣ ያኔ ጭንቅላቴ ሥራ ይጀምራል። የስታቲስቲክስ ፈተና፣ ሚልዋኢም የተጠራው ወንድሜ፣ መልስ ያልሰጠኋት ጓደኛዬ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሰው ፊት የተናገርኩት የማይረባ ነገር። ከዛ ስልኬን አነሳና ሰዓት አያለሁ። 1 ሰዓት። «አሁን ከተኛሁ 6 ሰዓት እተኛለሁ።» ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አያለሁ። 2 ሰዓት። «አሁን ከተኛሁ 5 ሰዓት።» ሒሳቡ ራሱ እንቅልፍ ያባርራል።

ከነዛ ሌሊቶች በአንዱ ውኃ ልጠጣ ተነሳሁ። 3 ሰዓት ነበር፤ በአያቴ አቆጣጠር ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ እሷ እስከ ዛሬ ድረስ ሰዓት የምትቆጥረው እንደ አገር ቤት ነው። ወጥ ቤት ስገባ መብራት ሳታበራ ቁጭ ብላለች። ፊቷ ሻይ አለ። በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ከተከለችው ጤና አዳም አንድ ቅጠል ጣል አድርጋበታለች፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል።

«አንቺም?» አለችኝ።

«አንቺም እምዬ?» አልኳት።

ሳቅን። ለካ አንድ ግድግዳ ማዶ ለማዶ ሆነን፣ ሁለታችንም ሳንተኛ እያደርን፣ ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እየተባባልን ኖረናል። የዛሬው ወሬ የተጀመረው እዛች ወጥ ቤት ነው።

እንቅልፍ የሚሸሸው፣ እንቅልፍ የሚወስደው

እኛ ሁለት ቋንቋ ያለን ልጆች ነን፤ እስቲ በሁለቱም እንየው።

በዕብራይስጥ እንቅልፍ ማጣት «ነዱዴ ሼና» ይባላል። ቃሉ የመንከራተትና የመሰደድ ቃል ነው፤ የእንቅልፍ መንከራተት እንደማለት። የቃሉ ሥር በመጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 6 መጀመሪያ ላይ አለ። አንድ ሌሊት የንጉሡ እንቅልፍ ሸሸ። ንጉሡም የዘመኑን የታሪክ መጽሐፍ አስመጥቶ አስነበበ። የታሪክ ተማሪ ሆኜ ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የኛን መምህር ቢሰማው ኖሮ ወዲያው ይተኛ ነበር አልኩ። ግን በታሪኩ ውስጥ ንባቡ ንጉሡን አላስተኛውም። አንድ የተረሳ ሰው አስታወሰው፤ የመርዶክዮስን ውለታ። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ለአያቶቻችንም ታሪኩ እንግዳ አልነበረም፤ ቤተ እስራኤል ኢትዮጵያ ሳሉ ፑሪምን ባያከብሩም የአስቴርን ጾም ይጾሙ ነበር።

በአማርኛስ? «እንቅልፍ ወሰደኝ» እንላለን። «እንቅልፍ ጣለኝ» እንላለን። ባለቤቱ እንቅልፍ ነው፤ የሚወስደው እሱ፣ የምንወሰደው እኛ። ማንም ሰው «እንቅልፍን ወሰድኩት» አይልም። ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ «እንቅልፍ አጣሁ» ነው፤ ማጣት፣ ያው የድህነቱ ቃል። ያጣ ሰው ይፈልጋል፤ ሲፈልገው ደግሞ ይብስበታል።

ይህን የምላችሁ ለቋንቋ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዛሬ የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚያስተምሩት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ እንቅልፍ በጉልበት አይመጣም። ሰው ማድረግ የሚችለው መንገዱን መጥረግ ነው። አማርኛችን ነገሩን አስቀድሞ ያወቀው ይመስላል።

ሌሊት በወገራ

አያቴ የተወለደችው ጎንደር፣ ወገራ ውስጥ ነው፤ ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ያን ሌሊት «ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው የምትነሺው?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥያቄው ገረማት። «ዶሮ ሲጮህ ሴት ልጅ ትተኛለች እንዴ?» አለችኝ።

ለካ እሷ ባደገችበት መንደር ሌሊት አንድ ወጥ ነገር አልነበረም። ምሽት ነበረ፤ እሳት ዳር ተቀምጦ ተረትና እንቆቅልሽ። እኩለ ሌሊት ነበረ። ውድቅት ነበረ። የዶሮ ጩኸት ነበረ፣ ጎህ ሲቀድ ነበረ፣ ወገግ ሲል ነበረ። እያንዳንዱም የሚሠራበት ነገር ነበረው። ዶሮ ሲጮህ ሴቶች ለወፍጮ ይነሳሉ፤ የቀኑን ዱቄት በድንጋይ ላይ በመጅ ፈጭተው ነው የሚያነጉት። አዝመራ ሲደርስ ወንዶቹ አውሬ እንዳይገባበት ማሳው ላይ ማማ ሠርተው ያድራሉ። ቄሶች ሌሊት ተነስተው በግዕዝ ይጸልያሉ። ቤተ እስራኤል መነኮሳትም ነበሯቸው፤ ትውፊቱ ይህን ሥርዓት የሚጀምረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአባ ሳብራ ነው፤ ለመነኩሴ ደግሞ ሌሊት የጸሎት ሰዓት ነው።

ስለዚህ በዛ መንደር ሌሊት የነቃ ሰው «ምን ሆንኩ?» አይልም። የሚነቃ ሌላም አለ፤ የጎረቤት ወፍጮ ይሰማል።

ይህ የኛ ብቻ አልነበረም። ታልሙድ ገና ከመጀመሪያው ገጽ፣ በብራኾት፣ ስለ ማታ ሽማ ሲጠይቅ ሌሊቱን በጥበቃ ክፍሎች ነው የሚቆጥረው። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሮጀር ኤከርች ደግሞ በ2001 ባወጣው ጥናትና በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የድሮ አውሮፓውያን ስለ «መጀመሪያ እንቅልፍ»ና «ሁለተኛ እንቅልፍ» ይናገሩ እንደነበር ከፍርድ ቤት መዝገብ፣ ከማስታወሻና ከጸሎት መጻሕፍት ሰብስቦ አሳየ። ሰዎቹ መሐል ላይ ነቅተው ይጸልያሉ፣ ያወራሉ፣ እሳት ይቆሰቁሳሉ፣ ከዛ ተመልሰው ይተኛሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ዌር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምም ሰዎችን በየቀኑ 14 ሰዓት ጨለማ ውስጥ እያሳደረ ሲያጠና፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንቅልፋቸው ለሁለት ተከፈለ።

ግን ቶሎ አንቸኩል። ሁሉም ሰው በጥንት ዘመን ለሁለት ከፍሎ ይተኛ ነበር ማለትም አይቻልም። በ2015 የወጣ ጥናት በታንዛኒያ የሐድዛን፣ በናሚቢያ የሳንን፣ በቦሊቪያ የጺማኔን ሰዎች ተከታትሎ ነበር፤ መብራት የሌላቸው፣ በአደንና በትንሽ እርሻ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። በአማካይ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይተኛሉ፣ በአብዛኛውም በአንድ ወጥ። የሚገርመው፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሕዝቦች በቋንቋቸው ለእንቅልፍ ማጣት ችግር ስም እንኳን የላቸውም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ሌሊት መንቃት ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። የሚያሳምመው ነቅቶ መፍራት ነው። የአያቴ ሌሊት ከወገራ ሲወጣ የተለወጠውም ይኸው ነው።

ሌሊት መንገድ ሲሆን

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤተ እስራኤል በእግር ወደ ሱዳን መውጣት ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አቶ ፈረደ አክሉም ናቸው፤ የትግራይ ተወላጅ፣ አስተማሪ የነበሩ። ሸሽተው ሱዳን ከገቡ በኋላ ካርቱም ሆነው ወደ እስራኤል መልእክት ላኩ፤ የሞሳድ ሰዎች መጥተው አገኟቸው፤ ከዛ መንገዱ በሱዳን በኩል ተከፈተ። አቶ ፈረደ በ2009 አርፈው የተቀበሩት እዚሁ ቤር ሼቫ ነው። ብዙዎቻችን በየቀኑ በምናልፍበት ከተማ ውስጥ።

የዛ መንገድ ሰዓት ሌሊት ነበር። ቀን የደርግ ወታደር አለ፣ ሽፍታ አለ፣ የቆላው ፀሐይ አለ። ስለዚህ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው ይውላሉ፣ ሌሊት ይሄዳሉ። አንዳንዱ በሳምንታት ደረሰ፣ አንዳንዱ ወራት ፈጀበት። ሱዳን ከገቡም በኋላ ሌሊቱ አላለቀም። እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ካምፖች በረሃብና በበሽታ ብዙ ሰው አለቀ፤ አይሁድነታቸው እንዳይታወቅ በድብቅ ነው የሚኖሩት። በዘመቻ ሙሴ ጊዜ፣ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985፣ ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም የሚወስደው አውቶቡስም የሚጓዘው በጨለማ ነበር። በዛ ዘመቻ ወደ 8,000 ሰው መጣ። በመንገድና በካምፕ የሞቱት ደግሞ 4,000 ያህል እንደሆኑ ይነገራል።

እነዚህን ቁጥሮች በትምህርት ቤት እንማራቸዋለን። እኔም ተምሬያቸዋለሁ። ግን አያቴ ያን ሌሊት ሌላ ቁጥር ነገረችኝ።

«ሰባት ነበሩ» አለችኝ።

የሷም፣ የእህቷም፣ አንድ ላይ ሰባት ልጆች። እናቴ አንዷ ናት፤ ያኔ 4 ዓመቷ ነበር። ትልልቆቹ መንገድ ሲመሩና ሸክም ሲይዙ፣ የአያቴ ሥራ ልጆቹን መቁጠር ነበር። ጨለማ ስለሆነ በዓይን አይቆጠርም፤ በእጅ ነው። ባረፉ ቁጥር ራስ ራሳቸውን እየዳሰሰች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባት። ካልቆጠረች አትቀመጥም። ቀን ሲተኙም እሷ ነቅታ ትቆያለች፤ ሕፃን ካለቀሰ አፉን በእጇ ትይዛለች።

«ካምፕ ገብተን ስድስት ሆኑ» አለች።

የመጨረሻው ልጇ ነው። የእናቴ ወንድም፣ የኔ አጎት መሆኑ ነው። 23 ዓመት ሙሉ መኖሩን አላውቅም ነበር። ስሙን ነገረችኝ። እዚህ ላይ አልናገረውም፤ የኛ ይሁን።

ከዛ እንዲህ አለችኝ፦ «አሁንም ዶሮ ሲጮህ እነቃለሁ። ዶሮ እንኳን የለም እዚህ። ስነቃ መቁጠር እጀምራለሁ። ሰባት አይሞላልኝም።»

ሳይረን ያለበት ከተማ

እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት። ሱዳንን በእግሬ አልሄድኩም። ታዲያ የኔ ሌሊት ለምን ተረበሸ?

ያው ከተማችንን ታውቋታላችሁ። የመጀመሪያው ሮኬት ቤር ሼቫ ላይ የወደቀው በታኅሣሥ 30 ቀን 2008 ነው። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ከዛ ወዲህ በየጥቂቱ ዓመት አዛካ፣ ወደ ሚቅላት ሩጫ፣ ወደ ደረጃው ሥር ሩጫ። ከጥቅምት 7 ቀን 2023 በኋላ ያለውን ልነግራችሁ አልፈልግም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሰኔ 2025፣ ከኢራን ጋር በነበሩት 12 ቀናት፣ ሚሳይል ሶሮካ ሆስፒታልን መታ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ተኩስ ሊቆም ሲል፣ እዚሁ ከተማችን አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ተመታና 4 ሰዎች ሞቱ። በሰላሙ ቀን እንኳን የሐጼሪም የጦር አውሮፕላኖች በላያችን ያልፋሉ፤ ጆሮ ድምፁን ይለምዳል፣ ሰውነት ግን አይለምድም።

ስለዚህ በዚህ ከተማ ሌሊት ነቅቶ የሚያዳምጥ ሰው ሞኝ አይደለም። ሰውነቱ የተማረውን ነው የሚያደርገው። አያቴ ልጅ መቁጠር ተማረች፣ እኔ ስልክ ማየት ተማርኩ። እሷ በእጇ እየዳሰሰች፣ እኔ በአውራ ጣቴ እየገፋሁ፤ ሁለታችንም «ሁሉም ሰው አለ ወይ?» ብለን ነው የምናጣራው። ወንድሜ ሚልዋኢም ላይ በነበረበት ሰሞን ይህ ገብቶኛል።

ጭንቅላትን ዝም ማሰኘት ይቻላል?

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁሉም ሰው የሚነግርሽ አንድ ነገር ነው፤ «አታስቢ።» እሺ፣ እስቲ ሞክሩት።

በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ምቱ» አላቸው። ደወሉ መላልሶ ተመታ። ከዛ «አሁን አስቡ» ሲላቸው ደግሞ፣ መጀመሪያውኑ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ይልቅ እነዚህ አብዝተው አሰቡ። የሚባረር ሐሳብ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ «አታስቢ» ምክር አይደለም።

በኛ ቤት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ሆድ። ጋዲ ቤን-ኤዜር የተባለ እስራኤላዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በሱዳን ስለመጡት ሰዎች ጉዞ በ2002 መጽሐፍ ያሳተመ፣ ለኢትዮጵያውያን ሆድ የስሜት መያዣ እንደሆነ ጽፏል። እኛም እናውቀዋለን። ታጋሽ ሰው «ሆደ ሰፊ» ነው። የማይነገር ነገር «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ይህ ባህል አያቶቻችንን አቁሟቸዋል፤ በካምፕ ውስጥ ያልተናገረ ሰው ነው የተረፈው። ላቃልለው አልፈልግም። ግን ቀን በሆድ የተያዘው ሁሉ ሌሊት ይከፈታል። ሥራ የለም፣ እንግዳ የለም፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ ያኔ ይወጣል።

ስለዚህ ነገሩ ለሐሳብ ከአልጋ በፊት ቦታ መስጠት ነው። በ2018 በቴክሳስ በሚገኘው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ቤተ ሙከራ አሳድረው ነበር። ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት 5 ደቂቃ፣ በሚቀጥሉት ቀናት ሊሠሩት የሚገባቸውን ነገር ጻፉ። ግማሾቹ ሠርተው የጨረሱትን ጻፉ። የሚቀራቸውን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኙ። 9 ደቂቃ ትንሽ ነው፣ ግን ከሌሊቱ ሒሳብ ያወጣሻል። ሥራው ወረቀቱ ላይ አለ፣ ጭንቅላትሽ መያዝ የለበትም።

ሁለተኛው ነገር ከ1972 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ቀላል ሕግ አወጣ። እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ አትግቢ። 15፣ 20 ደቂቃ ገደማ ተገላብጠሽ ካልመጣ ተነሺ፣ ሌላ ክፍል ሂጂ፣ በደብዛዛ ብርሃን ቀስ ያለ ነገር አድርጊ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሽ። ጠዋት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ተነሺ። ቀን አትተኚ። ምክንያቱ ምንድነው? አልጋ ላይ ለሰዓታት ከተጨነቅሽ፣ ሰውነትሽ አልጋን የጭንቀት ቦታ ብሎ ይማራል። ይህ ዘዴ ዛሬ ለእንቅልፍ ማጣት በሚሰጠው ሲ-ቢ-ቲ ሕክምና ውስጥ ገብቷል፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበርም በ2016 ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ይህ ሕክምና ይቅደም ብሏል።

ይህን ለአያቴ ሳስረዳት ሻይዋን አየት አደረገችና «ታዲያ እኔ ምን እያደረግሁ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ተነስታለች፣ ሌላ ክፍል ነች፣ መብራት የለም፣ ጤና አዳም ታሸታለች። ያላት ችግር አንድ ነው፤ ብቻዋን ነበረች።

ስለ ቡናም አንድ ነገር ልበል፣ ታውቁኛላችሁ። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 8 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ተጎንጭቶ እኩለ ሌሊት ላይ «ለምን አልተኛሁም?» ማለት ደግሞ… አክስቶቼ ይሰሙኛል፣ ልተወው።

ያ ወረቀት

አሁን ማታ ማታ፣ ከመተኛታችን አንድ ሰዓት በፊት፣ ወጥ ቤት እንቀመጣለን። እኔ ደብተሬን አወጣለሁ፤ የነገውን እጽፋለሁ፣ የሚያስጨንቀኝንም እጽፋለሁ። አያቴ መጻፍ ስለማትችል እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፍላታለሁ። አብዛኛው ተራ ነገር ነው። ማክሰኞ ቁፓት ሆሊም ቀጠሮ አለ። የደም ግፊት ኪኒን አልቋል። የጎረቤት ለቅሶ አልደረስኩም። በርበሬ ከአሽዶድ የምታመጣውን ሴትዮ ደውይላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ማታ «ጻፊ» አለችኝና ሰባት ስም ጠራች። ጻፍኩ። የመጨረሻውን ስትጠራ ቆም አላለችም፤ እንደሌሎቹ ነው የጠራችው። እኔ ነኝ እጄ የተንቀጠቀጠው። «ድገሚልኝ» አለችኝ፤ አነበብኩላት። ያኔ ነው ያ የአስቴር ንጉሥ ትዝ ያለኝ። ሌሊት፣ መጽሐፍ፣ የተረሳ ስም።

በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ በሱዳን መንገድ ለሞቱት መታሰቢያ አለ፤ በየዓመቱ በዮም ዬሩሻላይም ቀን ሰው ይሰበሰባል። የሱ ስም እዛ ይኑር አይኑር እናቴ ጋር ተነጋግረናል፣ ገና አልወሰንም። እናቴ ሁሉንም ታውቅ ነበር። «ሆድ ይፍጀው ብለን ነው» አለችኝ።

እንግዲህ «ከዛ ሁለታችንም እንደ ሕፃን ተኛን» ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሆነም። አያቴ አሁንም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትነቃለች። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሌሊት መንቃቱ ያለ ነገር ነው፣ የወፍጮ ሰዓትም አለባት። ግን አሁን «ነቃሁ እንጂ አልፈራሁም» የምትልበት ቀን አለ። እኔ አብዛኛውን ሌሊት እተኛለሁ። ከፈተና በፊት ባለው ሌሊት አሁንም አልተኛም። ስልኩ ግን ወጥ ቤት ያድራል።

ከናንተ መካከል ለወራት ያልተኛ፣ ወይም ሌሊት የሚያይበት ነገር የሚያስፈራው ካለ፣ ይህ በሻይ የሚያልፍ ላይሆን ይችላል። ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ንገሩ፤ የእንቅልፍ ሲ-ቢ-ቲ አለ ወይ ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። ኪኒን የምትወስዱ ካላችሁ ደግሞ በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ከሐኪም ጋር ተማከሩ። ለአያቶቻችሁም ቀጠሮው ላይ አብራችሁ ግቡላቸው። ሐኪሙ በዕብራይስጥ «በሌሊት ትተኛለሽ?» ሲል አያቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ነበር የምትመልሰው፤ እሱም «ትተኛለች» ብሎ ይጽፋል።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁና ልጨርስ። ነገ ጠዋት አያታችሁ ወይም እናታችሁ «እንዴት አደርሽ?» ስትል እውነቱን መልሱ። ከዛ መልሳችሁ ጠይቋት። «ደህና» ካለች፣ ትንሽ ቆይታችሁ እንደገና ጠይቋት። ሌሊቷን የሚጠይቃት ሰው እየጠበቀች ሊሆን ይችላል።

ለዛሬ ይኸው ነው። ደህና እደሩ።